በባልዲው አፈር ውስጥ

በለጥሽ ጥቁሮቹን ፍሬዎች ያየችው፣ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀይ ቃሪያዎች ቆርጣ ለአከራይዋ የልጅ ልጅ ለሌሴዲ ከሰጠቻት በኋላ ነው። አንድ ሰዓት እንኳ አልሞላም። ገበያው ቀዝቀዝ ሲልላት ባልዲዎቹን ውኃ ላጠጣ ብላ ወደ ጓሮ ወጣች። እንደ ልማዷ ርጥበቱን ለማየት ጣቷን አፈሩ ውስጥ ሰካች፤ ስታወጣው ከጥፍሯ ሥር እንደ ጥቁር አዝሙድ የጠቆሩ ደቃቅ ነገሮች ተጣብቀዋል። መጀመሪያ የነፍሳት እንቁላል መሰሏት። በጣቶቿ መሃል አሸቻቸው፤ አልፈረጡም። ወደ አፍንጫዋ አስጠጋቻቸው። የበሰበሰ ነጭ ሽንኩርት ከጋዝ ጋር የተቀላቀለ የመሰለ ሽታ ሽቅብ ወጋት።

ቀጥሎ ያለውን ባልዲ ጫረች። እዚያም አለ። ሦስተኛውም ውስጥ አለ። ሰባቱንም ባልዲዎች አንድ በአንድ ጫረቻቸው፤ ከአንዱም አልጠፋም።

ተገልብጦ የቆመ የለስላሳ ሳጥን ላይ ተቀመጠች።

ቃሪያውን የዘራችው ኦገስት ላይ ነው፣ የጆሃንስበርግ ብርድ ገና ሳይለቅ። ባሏ አቢሶ ከጄፕስታውን የጅምላ ገበያ ሸቀጥ ሲያመጣ አንድ ትልቅ ቀይ የፈረንጅ ቃሪያ አብሮ መጣ። ለወጥ ስትከፍተው ውስጡ በዘር ተሞልቷል። ልትጥለው እጇን ዘርግታ ተወችው። አገሯ ዱራሜ እናቷ ጓሮ ውስጥ ያልተከለችው ነገር አልነበረም፤ እዚህ ግን አራት ዓመት ሙሉ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት እስከ ምሽቱ ሁለት ሰዓት በሱቁ ፍርግርግ ውስጥ ቆማ ዳቦና የስልክ ካርድ ከመሸጥ በቀር እጇ አፈር ነክቶ አያውቅም። ሱቁ የአከራያቸው የጎጎ ኖምቩላ ጋራዥ ነው፤ ጎጎ በዙሉ አያት ማለት ነው። እሷና አቢሶ ተከራይተው ከፊቱ ስፓዛ የሚሉትን የሰፈር ሱቅ ከፈቱበት፣ ከኋላው ባለችው አንዲት ክፍል ይኖራሉ። ከክፍሏ በር እስከ ግቢው አጥር አራት እርምጃ የምትሆን ባዶ ቦታ አለች። በኮዝሞ ሲቲ ያላት መሬት ይቺው ነበረች።

ዘሩን በእርጥብ ሶፍት ጠቅልላ በማርጋሪን ዕቃ ውስጥ አድርጋ የመጠጥ ማቀዝቀዣው ሞተር በሚሞቅበት በኩል አስቀመጠችው። ቃሪያ ሙቀት ካላገኘ አይነሳም። በአሥራ አንደኛው ቀን እንደ ክር የቀጠነ ነጭ ሥር ብቅ አለ። አቢሶ አይቶ ሳቀ። «የማያቃጥል ቃሪያ ምኑ ቃሪያ ነው?» አላት። ሆኖም ኦክቶበር ላይ ችግኞቹ አራት አራት ቅጠል ሲያወጡ፣ ባዶ የቀለም ባልዲዎችን ከሰው ለምኖ ያመጣላትና ታቻቸውን በጋለ ምስማር የበሳላት እሱ ነው። ኖቬምበር ላይ በረዶ ወረደ፤ በለጥሽ የአልጋ ልብሱን ዘርግታ በላያቸው ይዛ ቆማ ክንዷ በልዞ ሰነበተ። ከአሥራ ዘጠኙ ችግኝ ሰባቱ ብቻ ተረፉ። ዲሴምበር ላይ በሙቀቱ አበባው ረገፈባት። ጠዋት ጠዋት አበባውን በጣት መታ መታ ማድረግ እንዳለባት ከስልኳ ተማረች፤ አደረገችው፤ ያዘላት።

የጎጎ ኖምቩላ የልጅ ልጅ ሌሴዲ ሰባት ዓመቷ ነው። ትምህርት ቤት ለእረፍት ተዘግቶ ስለነበር በየማለዳው በኋለኛው በር ትመጣና «ቀላ?» ትላለች። «ገና ነው።» ትላታለች በለጥሽ። «መጀመሪያ የቀላው የኔ ነው።» «ያንቺ ነው።»

ከገና በኋላ አይጦች መጡ። በአንድ ሌሊት አራት አረንጓዴ ቃሪያ ጎን ጎኑን በልተው አፈሩ ላይ ጣሉት። በለጥሽ በማለዳ አይታ በንዴት አለቀሰች። አቢሶ መድኃኒት ላምጣ ሲላት፣ «የሚበላ ነገር ላይ መድኃኒት አይደረግም» ብላ ቆረጠችው። እሱም ዝም አለ። ዝምታውን እሺታ አድርጋ ነበር የወሰደችው።

አሁን ሳጥኑ ላይ ተቀምጣ ጥቁሩን ነገር እያየች ምን እንደሆነ ለራሷ መንገር አላስፈለጋትም። በአገሩ ሁሉ ስለዚያ ነገር ያልሰማ ሰው አልነበረም። ባለፈው ጊዜ ሕፃናት ከስፓዛ የገዙትን በልተው ሞቱ ተብሎ ሰፈሩ ሁሉ ሲናወጥ፣ ለአይጥ ተብሎ በየመንገዱ በላስቲክ የሚሸጥ የእርሻ መርዝ ነው ገዳዩ ተብሎ ነበር። ያኔ የእነሱንም ሱቅ ሰው ከበበው። ማንም ልጅ ከእነሱ በገዛው ነገር አልታመመም፤ ቢሆንም ከበቡት። ሦስት ሳምንት ዘግተው ተቀመጡ። የአቢሶ የአጎት ልጅ ዱካሞ ዳቬይተን በተባለው ሰፈር የነበረው ሱቅ እስከ መደርደሪያው ተዘርፎ በለበሰው ቲሸርት ብቻ አመለጠ። እነሱ መልሰው የከፈቱት ጎጎ ኖምቩላ የፕላስቲክ ወንበራቸውን ይዘው መጥተው በሱቁ ደጃፍ አራት ቀን ስለተቀመጡ ነው። «እኔ ከዚህ እበላለሁ» ይሉ ነበር ለአላፊ አግዳሚው። «የልጄም ልጅ ከዚህ ትበላለች።»

ስልኳን አወጣች። ቁጥሩን ሁለቴ ሳተችው።

«በለጡ፣ መኪና እያስጫንኩ ነው፣ ቶሎ በይ» አለ አቢሶ።

«ባልዲዎቹ ውስጥ ምን ጨምረህ ነው?»

ከጀርባው የጄፕስታውን ጫጫታ፣ የሚጎተት ጋሪና የሰው ጥሪ ይሰማል።

«አየሽው?» አለ። «ለአይጦቹ ነው። ስታለቅሺ አላስችል አለኝ። ታክሲ ተራው ጋ ጃንጥላ ሥር ከሚሸጠው ሰውዬ ገዛሁት። አፈሩ ውስጥ ቅበረው፣ ለአይጥም ለትልም ይሆናል አለኝ።»

«መቼ?»

«ባለፈው ሳምንት ሐሙስ። ቸርች ሄደሽ ሳለ።»

«ስሙ ምንድን ነው? ላስቲኩ ላይ ምን ይላል?»

«ባዶ ላስቲክ ነው፤ ምንም አይልም። ልነግርሽ ነበር። ቃሪያው እስኪቀላ ጊዜ አለ ብዬ ነው እንጂ—»

«ዛሬ ቀላ» አለች። «ለሌሴዲ ሰጠኋት።»

ከዚያ የአቢሶ ድምፅ ዝቅ ብሎ፣ ለሌላ ሰው እንዳይሰማ ያፈነው ሆኖ መጣ።

«ስሚኝ። አሁኑኑ ሂጂና መልሺው። ትል አለበት በያት። ሌላ ቃል እንዳይወጣሽ። ሰምተሻል? አንድ ቃል ብትናገሪ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሱቁ አመድ ነው። እኛም አንተርፍም።»

«ከበላችስ?»

«አልበላችም። ልጅ ቃሪያ አይበላም።»

የሱቁን መስኮት ዘጋች። ደንበኛ ደጁን ሲያንኳኳ ሰማች፣ አልመለሰችለትም። በግቢው ዞራ ወደ ጎጎ ኖምቩላ ወጥ ቤት ስትሄድ ሃያ እርምጃ አይሞላም፤ ለእሷ ግን ከዱራሜ ተነስታ በእግሯ የመጣች ያህል ራቃት። እየሄደች ትል፣ ትል፣ ትል እያለች ታጠናለች።

ሌሴዲ ደረጃው ላይ ተቀምጣለች። ቀኝ እጇ ላይ የቃሪያው አረንጓዴ እንብርት ብቻ ቀርቷል። ጉንጯ በጭማቂው ርሷል።

«እንደ ፖም ነው» አለች ሌሴዲ። «ሁሉንም በላሁት።»

በለጥሽ ወደ ውስጥ ገባች። ጎጎ ኖምቩላ ከምድጃው አጠገብ ቆመዋል። ሁለተኛው ቃሪያ ከቲማቲምና ከሽንኩርት ጋር ተከትፎ ድስት ውስጥ እየተንጨረጨረ ነው፤ ማማሰያው አፋቸው ጋ ደርሶ ሊቀምሱ ነው።

«ጎጎ፣ አይቅመሱት።»

አሮጊቷ ማማሰያውን እንደያዙ ዞሩ። በለጥሽ ያጠናችውን ተናገረች። ትል አለበት አለች። ጎጎ ኖምቩላ ሳቁ። «ቤላ» አሉ፤ ሰፈሩ ሁሉ የሚጠራት እንዲያ ነው፤ «እኔ በልጅነቴ የበላሁት ትል ቢቆጠር ይህን ቤት ይሞላል። እሳት የነካው ትል ደግሞ ሥጋ ነው።» ማማሰያውን እንደገና ወደ ድስቱ ሰደዱ።

ውሸቷ የሠራ መስሏት ቢሆን ኖሮ ምናልባት በዚያ ታቆም ነበር፤ ኋላ ለራሷ ይህን አልደበቀችም። ነገር ግን ድስቱን ብታስደፋ እንኳ ደረጃው ላይ ያለችው ልጅ ሆድ ውስጥ የገባውን ምን ታደርገዋለች? ሌሴዲ ወደ ውስጥ ገብታ ውኃ ቀዳች፣ ጠጣች፣ በእጇ ጀርባ አፏን ጠረገች። በለጥሽ የልጅቷን አፍ ለሃጭ ይኖረው እንደሆን አየች። ዓይኗን አየች። ግንባሯ ላይ ላብ አለ፤ ግን ጃንዋሪ ነው፣ የሁሉም ሰው ግንባር ላይ ላብ አለ።

የበለጥሽ ዙሉ የሱቅ ዙሉ ነው። ሰላምታ ታውቃለች፣ ስኳር፣ ዱቄት፣ ሻማ፣ መልስ የለኝም ታውቃለች። አሁን ልትለው ያለችውን የምትልበት ቋንቋ አልነበራትም። አንዲት ቃል ብቻ ነበረች፣ ያኔ ሱቁን የከበበው ሕዝብ እየደጋገመ ሲጮህባት የተማረቻት።

«ፖይዘን» አለች፣ መርዝ ማለቷ ነው፣ ጣቷን ወደ ድስቱ ቀስራ። ከዚያ ወደ ልጅቷ። «አፈሩ ውስጥ። ለአይጥ። እኔ አላወቅሁም። አሁን አየሁት። ጎጎ፣ ፖይዘን።»

ጎጎ ኖምቩላ ምድጃውን አጠፉ። ማማሰያውን እማጠቢያው ውስጥ አኖሩት፤ ቀስ ብለው፣ ድምፅ እንኳ ሳያሰሙ። እጃቸውን በሳሙና ታጠቡ። በለጥሽ ጩኸት ነበር የጠበቀችው።

«ማን ነው የጨመረው?»

«ባሌ።»

«ለማን ነገርሽ?»

«ለእርስዎ ብቻ።»

«ሌሴዲ፣ ጫማሽን አድርጊ» አሉ። ልጅቷ ስትወጣ ወደ በለጥሽ ቀረቡ። ቁመታቸው ከትከሻዋ አያልፍም። «ከአፈሩ በላስቲክ ዝገኚና አምጪ። በሁለት ላስቲክ። መንገድ ላይ ማንንም እንዳታናግሪ። ደግሞ ስሚ፣ ልጄን አንድ ነገር ቢያገኛት ያኔ ሱቁን የከበቡትን ሰዎች ሌላ ማንም አይጠራቸውም። እኔ ራሴ ነኝ የምጠራቸው።»

«እሺ ጎጎ» አለች በለጥሽ። የሚገባ ነገር መስሎ ታያት።

ታክሲው ውስጥ ሌሴዲ በሁለቱ መሃል ተቀመጠች። ክሊኒክ የሚሄዱት ለምን እንደሆነ ስትጠይቅ አያቷ «ለሚዛን ነው» አሏት። በለጥሽ ከጎን ከጎን ታያታለች። ልጅቷ ስታዛጋ ጎንበስ ብላ ፊቷን ታያለች። ስታስነጥስም ታያለች። አንዴ ጭንቅላቷን ወንበሩ ላይ ጥላ ዓይኗን ከደነች፤ በለጥሽ ሳታስበው እጇን ያዘቻት፣ ሌሴዲም «ምን ሆነሽ ነው?» ብላ ቀና አለች። ጎጎ ኖምቩላ የበለጥሽን እጅ ከልጅቷ እጅ ላይ በሁለት ጣት አነሱት። ያን ጊዜ ነው በለጥሽ ጥፍሮቿን ያየችው። ጥቁሩ ነገር ከሥራቸው እንዳለ ነው። እጇን ሳትታጠብ ወጥታለች። በዚያው እጅ ነው ልጅቷን የያዘቻት፣ በዚያው እጅ ነው ፊቷን ደጋግማ ያበሰችው። እጇ ይንቀጠቀጣል፤ ከፍርሃት ይሁን ከዚያ ነገር መለየት አልቻለችም።

በክሊኒኩ በር ላይ ሰዎች ቆመው ነበር። በዚያ ሰሞን የውጭ አገር ሰው አይታከም እያሉ በየክሊኒኩ ደጃፍ መታወቂያ የሚጠይቁ ነበሩ፤ ወሬውን ሰምታለች፣ ዛሬ ግን ፈጽሞ አላሰበችውም። አንዲት ጠንካራ፣ ኮፍያ ያደረገች ሴት መንገዱን ዘግታ ቆመች። ጎጎ ኖምቩላ አረንጓዴ መታወቂያቸውን ዘርግተው አሳዩ። ከዚያ ወደ በለጥሽ ዞሩ፣ ላስቲኩን ከእጇ ወሰዱ፣ ልጅቷን አስቀድመው ገቡ። ከእኔ ጋር ናት አላሉም። አይደለችም አላሉም።

«አይዲ» አለች ሴትዮዋ።

«እኔ አልታመምኩም» አለች በለጥሽ በሱቅ ዙሉዋ። «ልጅ ነው የምጠብቀው።»

«የማንን ልጅ?»

«የጎጎ ኖምቩላን።»

ሴትዮዋ ወደ ውስጥ አየች። «ኖምቩላን አውቃታለሁ። በአንድ ዕድር ነን። ልጅቷ ምን ሆነች?»

ሌሎቹ ሁለት ወንዶች ወሬያቸውን አቁመው ማድመጥ ጀመሩ። የፈሩት ይደርሳል ይባላል፤ ደርሶ ፊት ለፊቷ ኮፍያ አድርጎ ቆሟል። ከኋላዋ መንገዱ ክፍት ነው። ብትሮጥ ግን ለምን እንደሮጠች ይጠይቃሉ።

«አላውቅም» አለች። «ሐኪም ይንገራቸው።»

ሴትዮዋ ረጅም ጊዜ አየቻት። «እዚያ ማዶ ሁኚ» አለች፣ በአገጯ እያሳየች። «ከበሩ አካባቢ አልይሽ።»

ማዶ ጎማ የሚጠግን ሰው ቤት ነበረ። ለጎማ መፈተሻ በቆመው በርሜል ውኃ እጇን ታጠበች፤ ደግማ ታጠበች፤ ሰውዬው ምን ነካት በሚል ዓይን እያያት ትንሽ ሳሙና ሰጣት። ከዚያ ከግድግዳው ጥግ ቆመች። ስድስት ሰዓት ተኩል ነበር።

አቢሶ ደወለ። ነገረችው። «ነገርሻቸው?» አለ። «በለጡ፣ ገደልሽን።» ስልኩን ዘጋው። ከሩብ ሰዓት በኋላ መልሶ ደወለ። «ዱካሞ በባኪ መኪናው ሊመጣ ነው። ካለሽበት ይወስድሻል። ወደ ሱቁ አትመለሺ፣ ልብስም አትያዢ። ቀጥታ እኔ ጋ ነይ።»

«ልጅቷ አልወጣችም።»

«ብትወጣስ ባትወጣስ ምን ልታደርጊላት ነው? ሐኪም ነሽ?»

«አልወጣችም አልኩህ፣ አቢሶ።»

«ከሞተችስ? እዚያ ቆመሽ ሊያገኙሽ ነው?»

ይህን ሲላት በሩ ላይ ያሉትን ሰዎች ቆጠረች። ስድስት ሆነዋል። ከመንገዱ ማዶ ሆነው አንዳንዴ ወደ እሷ ያያሉ። መሄድ ፈለገች። እግሯ ሁሉ መሄድ ፈለገ። አንዴም ሦስት እርምጃ ያህል ወደ ታክሲ ተራው ሄደች፤ ሌሴዲ ጭማቂ በነካው ጉንጯ «ሁሉንም በላሁት» ስትል ታየቻትና ተመለሰች። ድፍረት አልነበረም። ሳታውቅ ከሄደች ዕድሜ ልኳን በየመንገዱ የምታያትን ልጅ ሁሉ ስትጠይቅ እንደምትኖር ስለገባት ነው። የምታውቀውን ጸሎት ጀመረች፣ በእናቷ ቋንቋ፤ «ጌታ ሆይ» ከሚለው ግን ወዲያ መሄድ አቃታት። ዱካሞ መጥቶ ነጭ ባኪውን፣ ኋላው ክፍት የሆነውን የጭነት መኪና፣ አቆመ፣ ለመናት፣ ተቆጣት፣ ከዚያ በሩ ላይ ያሉት ሰዎች መኪናውን ማየት ሲጀምሩ ፊቱ ጠቁሮ ሄደ።

አሥር ሰዓት ሲል ወጡ።

በለጥሽ መጀመሪያ ያየችው የልጅቷን አፍ ነው። ከንፈሯ ጥቁር፣ አገጯ ጥቁር፣ የቀሚሷ ደረት ጥቁር ነው። ግድግዳውን ያዘች። ከዚያ ሌሴዲ በሁለት እግሯ ስትራመድ አየች። የእጇን አምባር፣ ሆስፒታሎች የሚያስሩትን ወረቀት፣ ለኮፍያዋ ሴትዮ እያሳየች ነበር። ሴትዮዋ አንድ ነገር ጠየቀች፤ ጎጎ ኖምቩላ እጃቸውን አወናጭፈው አጭር መልስ ሰጧትና መንገዱን ተሻገሩ።

«ከሰል ነው ያጠጧት» አሉ፣ በለጥሽ ሳትጠይቃቸው። ድምፃቸው ደክሟል። «መርዝ እንዲመጥ። አራት ጊዜ ዓይኗን በባትሪ አዩ። ደሟን ወሰዱ። ልቧን በማሽን ሰሙ። ምንም አልታየባትም። አፈሩን ያሸተተችው ነርስ ግን ወዲያው ነው ያወቀችው። ቃሪያው በሥሩ ይጠጣዋል አለች። ማጠብ አይጠቅምም። የበለጠ ጠጥቶ ነገ ከነገ ወዲያ ቢቀላ ኖሮ፣ ብዙም ብትበላ…» አልጨረሱትም። «እስከ ነገ ጠዋት እንድጠብቃት አዘዙኝ። ዓይኔን አልከድንም።»

በለጥሽ ማልቀስ ጀመረች። አሮጊቷ አላጽናኗትም።

«ነርሷ ማን ጨመረው ብላ ጠየቀችኝ» አሉ ታክሲ እየጠበቁ። «በግቢዬ አፈር ውስጥ ነው አልኳት። ግቢው የኔ አይደል? ውሸት አይደለም።» የሌሴዲን አገጭ በቀሚሳቸው ጫፍ ጠረጉ። «ይህን ያልኩት ለአንቺ አይደለም። ሱቁን ሲያቃጥሉ ቤቴም አብሮ ይቃጠላል። ጋራዡና ቤቱ በአንድ ግድግዳ ነው።»

ግቢው ሲደርሱ አቢሶ እዚያ ነበር። ሸሽቶ ጄፕስታውን ይቀራል ብላ ነበር፤ አልቀረም። ሰባቱንም ቃሪያ ከነሥራቸው ነቅሎ፣ አፈሩንም ቃሪያውንም በዱቄት ጆንያ፣ ጆንያውንም በጥቁር ላስቲክ አስሮ ከአጥሩ ሥር ደርድሯል። እጆቹ ላይ የዳቦ ላስቲክ አጥልቋል። ሌሴዲን ሲያይ የነበረበት ቦታ ላይ ተንበረከከ፤ በአገሩ ለአዛውንት እንደሚደረገው አጎንብሶ እጁን ወደ ጎጎ ኖምቩላ እግር ዘረጋ።

ጎጎ ኖምቩላ እግራቸውን ሰበሰቡ።

«እጅህ ንጹሕ አይደለም» አሉት። ቀጥለውም፣ «ክሊኒክ ለምን አልመጣህም? ሚስትህ ሦስት ሰዓት ተኩል ፀሐይ ላይ ቆማለች።»

አቢሶ ቋንቋው ከበለጥሽ ይሻላል። ሊያስረዳ አፉን ከፈተ። ዳቬይተንን፣ ዱካሞን፣ የተዘረፈውን ሁሉ ሊናገር እንደነበረ በለጥሽ ከፊቱ አነበበች። ግን ያለው አንድ ቃል ነው። «ፈራሁ።»

«እኔም ፈርቻለሁ» አሉ አሮጊቷ፣ ልጅቷንም ይዘው ገቡ።

ሐሙስ ዕለት ክሊኒኩ ያስታወቃት፣ ጓንት ያደረገች የጤና ተቆጣጣሪ መጥታ ጆንያዎቹን ወሰደች። በለጥሽ በፍርግርጉ ውስጥ ሆና ደንበኛ እያስተናገደች ጆሮዋ ግቢው ውስጥ ነበር። ተቆጣጣሪዋ ጠየቀች፣ ጎጎ ኖምቩላ መለሱ፣ ተቆጣጣሪዋ ጻፈች። ከዚያ ወደ ሱቁ መጣች። መደርደሪያውን አንድ በአንድ አየች፣ የአይጥ መድኃኒት እንደሌለ አረጋገጠች፣ የምዝገባ ወረቀቱን ፎቶ አነሳች። ስትወጣ በለጥሽ ሒሳብ መመለስ አቅቷት ደንበኛዋን ሁለቴ ስንት ነበር ብላ ጠየቀች።

ከአቢሶ ጋር ስለዚያ ቀን የተነጋገሩት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። «ለአንቺ ብዬ ነው» አላት። «አውቃለሁ» አለችው። «ያ ነው የሚያስፈራኝ። ሌላ ጊዜ ለእኔ ብለህ ምንም ከማድረግህ በፊት ንገረኝ።» ኬፕታውን ዘመድ አለን፣ እንሂድ አላት። እሷ አልፈለገችም። ሌላ ሰፈር ቢሄዱ ደጃፋቸው ላይ ወንበር ይዞ የሚቀመጥላቸው ማንም የለም። እዚህም ከእንግዲህ መኖሩን አታውቅም፤ ቢያንስ ግን ልጅቷን በየቀኑ ታያታለች። ሌሴዲ በኋለኛው በር መምጣት ተከልክላ፣ ትምህርት ቤት ሲከፈት በአዲስ ዩኒፎርም በፊት ለፊቱ መንገድ ታልፋለች። ባሳለች ቁጥር በለጥሽ እጇ ላይ ያለውን ታስቀምጣለች።

ጎጎ ኖምቩላ ለሦስት ሳምንት ከሱቁ ምንም አልገዙም። ሰፈሩ ይህን አየ፤ ሁለት ሦስት ደንበኞችም ቀሩ። በአራተኛው ሳምንት፣ ሰኞ ጠዋት፣ ሰው በተሰለፈበት ሰዓት መጥተው ተራቸውን ጠብቀው ፍርግርጉ ፊት ቆሙ። ዳቦ ጠየቁ። ላስቲኩን አገላብጠው አዩት፣ ቀኑን አነበቡ፣ አሸተቱት። ከኋላቸው ያሉት ሁሉ እያዩ ነው።

«ልጅቷ ምን ሆና ነበር ይሉኛል» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ሆድ ቁርጠት ነው እላለሁ። አንድ ጊዜ ነው እንዲህ የምለው፣ ቤላ። ሁለተኛ አልልም።»

«እሺ ጎጎ።»

«ባልሽንም ንገሪው።»

«እነግረዋለሁ።»

ዳቦውን ክንዳቸው ሥር አድርገው ሄዱ። በለጥሽ መንገዱን እስኪሻገሩ አየቻቸው። ከዚያ ቀጥሎ የቆመውን ሰው ምን ልስጥህ አለችው፤ ግማሽ ኪሎ ስኳርና ሁለት ሻማ አለ፤ ወደ መደርደሪያው ዞረች።